ጥሩ የዲስክ ኢሜጅ መግለጫ በምን ይታወቃል?

ዲስክ ኢሜጅ የአንድ ፍሎፒ ወይም ሃርድ ዲስክ ባይት አንድም ሳይቀር ተገልብጦ የሚቀመጥበት ፋይል ነው። መገልበጡን ፕሮግራሙ ይሠራዋል፤ የመዛግብት ባለሙያው ብቃት የሚታየው አብሮ በሚጻፈው መግለጫ (ሜታዳታ) ነው።

መጀመሪያ መጠኑን ይመልከቱ። ባለ 1.44 ሜጋባይት ፍሎፒ እያንዳንዳቸው 512 ባይት የሚይዙ 2,880 ሴክተሮች አሉት፤ ድምሩ 1,474,560 ባይት ነው። ቁጥሩ ከጎደለ ቅጂው አላለቀም። ከሞላስ? ጠርጥር፣ ከገንፎም ይገኛል ስንጥር! ማንበብ ያቃተውን ሴክተር በዜሮ ሞልቶ የሚያልፍ ፕሮግራም አለና። ዲዲሬስኪው የተባለው የመገልበጫ ፕሮግራም ያልተነበበው የቱ ጋ እንዳለ በካርታ ፋይል ይመዘግባል፤ ጥሩ መግለጫ ይህን ካርታ ያያይዛል። «በተሳካ ሁኔታ ተቀድቷል» ብሎ ዝም ያለ መግለጫ ገና ምንም አልነገረንም።

ከፋይሉ ይዘት የሚሰላው መለያ ቁጥር፣ ቼክሰምም፣ ብቻውን አያስተማምንም። ኤስኤችኤ-256 የተባለው ቼክሰም የሚመሰክረው ፋይሉ ከተሰላበት ጊዜ ወዲህ አለመለወጡን ነው፤ ጎዶሎ ቅጂም የራሱ ትክክለኛ ቼክሰም አለው። ዳታው ኢ01 በተባለው የኢሜጅ ፎርማት ከተቀመጠ ደግሞ የፋይሉ ቼክሰም ሌላ፣ በውስጡ ያለው ዳታ ቼክሰም ሌላ ነው። ጠንቃቃ ጸሐፊ የትኛው የማን እንደሆነ ሳይለይ አያልፍም።

ቀጥሎ ቀኖቹን ይፈትሹ። በ2015 እ.ኤ.አ. ሦስተኛ ዕትሙ የወጣው ፕሪሚስ የተባለው የጥበቃ ሜታዳታ መስፈርት ዕቃውን፣ የተፈጸመበትን ድርጊትና ፈጻሚውን ለየብቻ ያስመዘግባል። ቀሽም መግለጫ ግን «ቀን» ብሎ አንድ ቁጥር ይጥላል፤ በዲስኩ ያለው ደብዳቤ የተጻፈበት ይሁን ኢሜጁ የተሠራበት አይታወቅም። ፋት በተባለው የፋይል ሲስተም የተመዘገበ ሰዓት የሰዓት ቀጠና የለውም፤ ዐዋቂ እንዳለ ይተወዋል እንጂ በግምት አያስተካክለውም። ኢሜጁን የሠራውን ፕሮግራም ከነቨርዥኑ፣ በዲስኩ ላይ እንዳይጻፍ የከለከለ መሣሪያ ከነበረም እሱን ይጠቅሳል።

ብዙዎች የሚዘነጉት የተሰረዘውን ነው። ባለቤቱ ያጠፋው ደብዳቤ ቦታው በሌላ ካልተጻፈበት ከኢሜጁ ጋር አብሮ ይገለበጣል። ስለዚህ ሙሉውን ኢሜጅ ማን እንዲያይ፣ ተመርጠው የወጡትን ፋይሎች ብቻ ማን እንዲያይ ተለይቶ መጻፍ አለበት።

ፍርዱን ለመስጠት ዲስኩን አይቶ ለማያውቅ ባልደረባ መግለጫውን ብቻ ይስጡት። ምን እንደተነበበ፣ በምን እንደተነበበና ምን እንደቀረ ኢሜጁን ሳይከፍት ከመለሰ፣ ሥራው የባለሙያ ነው። ሦስተኛውን መመለስ ካቃተው ግን መግለጫው ወደ ጸሐፊው ይመለስ።