ዝምም ይነቅዛል

«ዝም አይነቅዝም» ይላል ተረታችን። በራያ ቆቦ ቆላ፣ ማሽላ አብቃዩ ባለበት አገር፣ ነቀዝ ምን እንደሚያደርግ ለማንም አይነገርም። ባለፈው ክረምት እዚያው ቆቦ አንዲት ነርስ ያጫወተችኝን ከሰማሁ ወዲህ ግን ተረቱን ማመን አቅቶኛል።

ነገሩ የሆነው ከዓመታት በፊት፣ ሌላ አገር፣ ስሙን በማልጠራው ሆስፒታል ነው። «ጋሼ፣ ጎዙን ስቆጥር አንድ ጎደለኝ» አለችኝ። ደግማ ቆጠረች፤ ያው ጎደለ። ሐኪሙ መስፋት ጀምሯል። «ዶክተር...» አለች በለሆሳስ። ቀና ብሎ አያት። «ምንም» ብላ ዝም አለች። በአራተኛው ቀን በሽተኛው እንደገና ተከፈተ። ደግነቱ ተረፈ። «ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?» ብላት፣ «ማን ነኝ ብዬ?» አለችኝ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ማረጋገጫ ለዚህች ጥያቄ የተጻፈ መልስ ይመስላል። አንድ ገጽ ነው፤ 19 ነጥቦች አሉት። ሦስት ጊዜ ይነበባል፦ ከማደንዘዣ በፊት፣ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት፣ በሽተኛው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለኖርኩት ለእኔ የገረመኝ፣ ምላጩ ከመነሳቱ በፊት ሁሉም ስሙንና የሥራ ድርሻውን ይናገር ማለቱ ነው። አንዴ ድምፁን ያሰማ ሰው ሁለተኛ ለመናገር አይከብደውማ! የጎዙና የመርፌው ቆጠራ ልክ መሆኑንም ነርሷ በቃሏ እንድታረጋግጥ ያዛል። በቃሏ እንጂ በፊርማዋ አይደለም።

በስምንት ከተሞች ተሞክሮ በ2009 በታተመው ጥናት፣ ሞት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርዷል። በካናዳ ኦንታሪዮ ግን በ101 ሆስፒታሎች ወረቀቱ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላ የሞት ቁጥር ጉልህ ለውጥ እንዳላሳየ በ2014 ተጻፈ። ወረቀቱ ያው ነው። እኔ የምጠረጥረው አነባበቡን ነው።

የእኛም ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2016 «ሳልትስ» የተባለውን የቀዶ ሕክምና ዕቅድ ጀምሮ ነበር። ነርሷን «ወረቀቱ እናንተ ዘንድ አልነበረም?» አልኳት። «ነበረ እንጂ! ሁሉም ካለቀ በኋላ እኔው እሞላዋለሁ» አለች። ጮክ ተብሎ ሊነበብ የተጻፈን ነገር በዝምታ መፈረም፣ ተውኔቱን ሳያሳዩ ትኬት መቁረጥ ነው።

«መሣሪያ የለም» ይባል ይሆናል። እውነት ነው፤ በተለይ ጦርነቱ በ2014 ዓ.ም. የሰሜን ወሎን ጤና ተቋማት ካራቆተ ወዲህ። ስምን ለመናገር ግን መብራትም ጄኔሬተርም አያስፈልግም። «ባህላችን አክብሮት ነው» የሚልም አይጠፋም። ማን አክብሮት ይቅር አለ? «ይቅርታ ዶክተር፣ አንድ ጎድሏል» በሚለው ውስጥ አክብሮቱም አለ፣ የሰው ነፍስም አለ። የጎደለው፣ ከላይ ያለው ሰው አስቀድሞ «ያየ ይንገረኝ» ማለቱ ነው።

የቆቦ ገበሬ ይህን ለማወቅ ሥልጠና አላስፈለገውም። ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ ወደ ማሳው መርቶ ማሽላውን የሚያጠጣ ሰው ነው። አንድ እረኛ ልጅ «ጎርፍ መጣ!» ብሎ ሲጮህ «አንተ ማን ነህ?» አይለውም፤ አካፋውን ብድግ አድርጎ ይሮጣል።