የጃሒዝ ጨዋታና በቃዲው አፍንጫ ላይ ያረፈችው ዝንብ

ብዙ አንብቦ፣ ያነበበውንም በአጭር በአጭሩ እያዋዛ በመጻፍ አቡ ዑስማን አል-ጃሒዝን የሚስተካከል በዐረብኛ ጸሐፊዎች መካከል ማግኘት ያስቸግራል። የበስራ ሰው ነው፤ በ255 ዓመተ ሂጅራ (868/69 እ.ኤ.አ.) አረፈ። «ጃሒዝ» የተባለው ዐይኑ የፈጠጠ ስለነበር ነው። በልጅነቱ ዳቦና ዓሣ ይሸጥ እንደነበር፣ በኋላም የመጽሐፍ ነጋዴዎችን ሱቅ እየተከራየ ሲያነብ ያድር እንደነበር ታሪኩን የጻፉ ሰዎች ይናገራሉ።

ንባቡ የት እንደደረሰ ለማየት «ኪታቡል ሐየዋን»ን መግለጥ ይበቃል። ስሙ የእንስሳት መጽሐፍ ይባል እንጂ ቁርኣኑም፣ ሐዲሱም፣ የዐረብ ግጥሙም፣ የአዳኝና የመርከበኛ ወሬውም እዚያው ጎን ለጎን ተቀምጧል። አርስቶትልን «ሳሒቡል መንጢቅ» (የመንጢቅ ባለቤት) እያለ ያከብረዋል፤ ያለውን ሁሉ ግን አይቀበልለትም። የውሻና የአውራ ዶሮ ጠበቆችን አቁሞ ገጽ ሙሉ ያከራክራል። ከቁም ነገር ወደ ቀልድ የሚሻገረውም አንባቢው እንዳይሰለች መሆኑን ራሱ ይነግረናል።

ከሁሉ የምወድለት የቃዲው ወሬ ነው። ዐብዱላህ ኢብኑ ሰዋር የበስራ ቃዲ ነበር። ፈጅርን ቤቱ ሰግዶ መስጂድ ይመጣል፤ ከተቀመጠ በኋላ አይደገፍም፣ አይዞርም፣ እጁን አያንቀሳቅስም፤ የተተከለ ድንጋይ ይመስላል። አንድ ቀን ሰዎች ከብበውት ሳሉ ዝንብ አፍንጫው ላይ አረፈች። ታገሠ። ወደ ዐይኑ ጥግ ተሻገረች። አሁንም ታገሠ። ስትነክሰው ዐይኑን ጨፈነ፣ ከፈተ፤ ሄዳ ተመለሰች፤ ያመመውን ቦታ ለይታ እዚያው ወጋችው። በመጨረሻ ሕዝብ እያየው በእጁ፣ ቀጥሎም በልብሱ እጅጌ አባረራት። ከዚያ ቃዲው ምን አደረገ? ተቆጣ? አልተቆጣም። ሰው ሁሉ የከበደ አድርጎ የሚያየውን እሱን ከፍጡር ሁሉ ደካማዋ እንዳሸነፈችው በራሱ አንደበት ተናገረና በሱረቱል ሐጅ ያለውን የዝንቧን አያ (22፡73) ቀራ። ልብ በሉ፣ ጃሒዝ ቃዲውን አላዋረደውም። ሳቃችንን ስንጨርስ ሰውየው ከበፊቱ ይልቅ ይከብደናል። አያዋም ብዙ ጊዜ የቀራናት ብትሆንም አዲስ ትሆንብናለች።

«ኪታቡል ቡኸላእ» በተባለው የንፉጎች መጽሐፉ ግን ነገሩ ይለያል። ለኩራዝ ዘይት አላዋጣም ያለውን ጓደኛቸውን፣ በብርሃኑ እንዳይጠቀም መብራቱ እስኪጠፋ ድረስ ዐይኑን በጨርቅ ስላሰሩት የኹራሳን ሰዎች ያወራል። ያስቃል፤ እኔም ስቄያለሁ። ግን የመርው አውራ ዶሮ እንኳ ለሴቷ ጥሬ ከመተው ይልቅ ከአፏ ይነጥቃል እያለ ሲቀጥል፣ ንፍገቱ የአንድ ሰው ጠባይ መሆኑ ቀርቶ የአገር ስም ይሆናል። መርው ተወልዶ ቸር የሆነ ሰው ይህን ሲያነብ ምን ይበል?

ከእሱ በኋላ የመጣው ኢብኑ ቁተይባ አንድን ነገር ደግፎ ተቃራኒውንም ይደግፋል ሲል ጃሒዝን አጥብቆ ነቅፎታል። በዓቂዳውም ሙዕተዚላ ነበርና ዑለሞች አልማሩትም። የኢብኑ ቁተይባ ወቀሳ በከፊል እውነት ይመስለኛል፤ ሁለቱን ወገን እኩል የሚያስረታ ጸሐፊ አንባቢውን መንገድ ላይ ጥሎት ይሄዳል። ይሁን እንጂ ከእሱ ይልቅ የሚከፋኝ ወሬውን ቆርጠው የሚያዞሩት ሰዎች ሥራ ነው።

የእኛን የአስተማሪዎችን ጉዳይ ውሰዱ። በኋላ ዘመን ኪታቦች በስሙ የሚተረክ ወሬ አለ። አንድ የሕፃናት አስተማሪ፣ መንገደኛ በግጥም ሲያወድሳት የሰማትን «ኡሙ ዐምር» የምትባል ሴት ሳያያት ወደዳት። ሌላው መንገደኛ ደግሞ አህያዋ ይዟት ሄዶ ሁለቱም አልተመለሱም ብሎ ሲያዜም ቢሰማ ሞታለች ብሎ ማድረሳውን ዘግቶ ለቅሶ ተቀመጠ። ይህችን ደረሳ ሁሉ ያውቃታል፤ እኔ ፊት እንኳ ሲያወሯት ሰምቻለሁ። ጃሒዝ «አል-በያን ወት-ተብዪን» በተባለው ኪታቡ የሚለውን ግን የሚጠቅስ የለም። እዚያ የሕፃናት አስተማሪ ሞኝ ነው የሚለውን የሕዝብ አባባል ያነሳና፣ አስተማሪ ሁሉ አንድ እንዳልሆነ ለይቶ፣ የነሕው ሊቅ አል-ኪሳኢና ቁጥሩብም አስተማሪዎች ነበሩ፣ እነሱንስ ሞኝ ልትሉ ነው? ብሎ ይሞግታል። በአስተማሪዎች ላይ ራሱን የቻለ ሪሳላም ጽፏል። ቀልዱ ከበስራ እስከ እኛ ማድረሳ ሲደርስ ሙግቱ እዚያው ኪታቡ ውስጥ ቀርቷል።