ፍርድም ይነበባል

የደቡብ አፍሪካው አልቢ ሳክስ ሲነሱ ብዙው አንባቢ የሚያስታውሰው አንድ መጽሐፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1988 ማፑቶ ላይ መኪናቸው ውስጥ የተጠመደ ቦምብ አንድ እጃቸውንና የአንድ ዓይናቸውን ብርሃን ወሰደ፤ ስላገገሙበት ጊዜ የጻፉት በ1990 ታተመ። ማለፊያ መጽሐፍ ነው። እኔ ግን (የሕግ ሰዎች ይቆጡኝ ይሆናል) ፍርዳቸውን እንደ ድርሰት አንብቡት እላለሁ።

ሳክስ በ15 ዓመታቸው ኬፕ ታውን ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሕግ ሲማሩ፣ ፓርላማው አፓርታይድን በአዋጅ እየደነገገ ነበር፤ ለጠበቃ የሚቀረው ቀዳዳ መፈለግ ነው። በ1994 ማንዴላ የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ዳኛ አድርገው ሾሟቸው።

በ2004 የጻፉትን የፖርት ኤልዛቤት ፍርድ ተመልከቱ። 68 ሰዎች፣ 23ቱ ሕፃናት፣ በሰው መሬት ላይ 29 ጎጆ ቀልሰዋል። 1,600 የአካባቢው ነዋሪዎች ይነሡልን ብለው ፈርመዋል። ሳክስ ወደ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ ከመግባታቸው በፊት፣ ድሃውን ወንጀለኛ አድርጎ ያፈናቅል የነበረውን የ1951 አዋጅ ይተርካሉ። ከዚያም የባለመሬቱን መብት ሳይንቁ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ከሰዎቹ ጋር በቅጡ ሳይመክር ሊያስነሣቸው እንደማይገባ ይወስናሉ። ታሪኩ ባይቀድም ውሳኔው ምሕረት ይመስል ነበር፤ አሁን ግን የቆየ ዕዳ ክፍያ ሆኖ ይነበባል።

ቅር ያሰኘኝ አንድ ነገር ነው። በመዝገቡ ርዕስ ሰዎቹ «ልዩ ልዩ ሰፋሪዎች» ናቸው። የታሰበላቸው ሰፈር መጨናነቁንና ወንጀሉን፣ ከዚያም ዳግም መባረርን እንደሚፈሩ በአጭሩ ተነግሮ ይታለፋል። እኔ እዚያ ላይ ትንሽ መቆየት በፈለግሁ ነበር።