ውኃው ፈልቷል፣ ሩዙ አልበሰለም

ደብረ ታቦር ላይ ውኃ ቶሎ ይፈላል፤ ምግብ ግን ቶሎ አይበስልም። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለተቀመጠች፣ ውኃ እዚህ የሚፈላው 91 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ ነው። እናቶቻችን ዲግሪ ሳይቆጥሩ ያውቁታል። ለንፍሮ የሚሆነውን ባቄላ ከዋዜማው ይዘፈዝፋሉ፣ ክዳኑ ላይ ድንጋይ ይጭናሉ፣ ከዚያ ጊዜ ይሰጡታል። እኔም በዚህች ከተማ በወጥ ቤትነት ስሠራ ከሁሉ በፊት የገባኝ ይኸው ነው፤ ስለተንተከተከ ብቻ በሰለ አይባልም።

ይህን ያነሣሁት አዲስ አበባ ለጉዳይ ሄጄ በአንድ ዓርብ ስለበላሁት የታይላንድ ምሳ ላወራ ብዬ ነው። የቤቱን ስም ልተወው። የገባሁት ብዙ ጠብቄ ነው፤ የታይ ቅመም ለእኛ ባዕድ አይደለምና። እኛ ሻይ ውስጥ የምንጨምረውን ጠጅ ሳር እነሱ ሾርባ ይሠሩበታል። ከሥጋ ጋር የሚጠብሱት ቅጠል የበሶብላችን የቅርብ ዘመድ ነው። ቃሪያው ለእነሱም ለእኛም ከአሜሪካ የመጣ እንግዳ ነበር፤ ዛሬ ግን ሁለታችንም ያለ እሱ መብላት አቅቶናል። ሩዝማ ከደብረ ታቦር ወደ ባሕር ዳር ሲወርዱ ፎገራ ሜዳ ላይ ሞልቷል። በደርግ ዘመን በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች በኩል የገባውን ዝርያ ገበሬው ዛሬም «ኤክስ ጅግና» እያለ ይዘራዋል።

በመጀመሪያ ቶም ያም የሚሉት ኮምጣጣ ሾርባ መጣ። ቀለሙ ደማቅ ቀይ፣ ሲያዩት የሚያስጎመጅ። ስቀምሰው የቲማቲም ድልህ በውኃ ሆኖ አገኘሁት። ሎሚውም አብሮ ፈልቷል። የዚህ ሾርባ ሙያ ያለው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ጠጅ ሳሩ ይቀጠቀጥና የዝንጅብል ዘመድ ከሆነው ጋላንጋልና ከሎሚ ቅጠል ጋር መረቁ ውስጥ ይፈላል፤ የሎሚው ጭማቂ የሚገባው ግን ድስቱ ከእሳት ከወረደ በኋላ ነው። ቀድሞ ከገባ መዓዛው ይተንና ጎምዛዛነቱ ብቻ ይቀራል። እኛስ መከለሻውን ወጡ ሊወርድ ሲል የምንነሰንሰው ለምን ሆነና? የትኛውም የእኛ አገር ወጥ ቤት ይህን ያውቃል፤ እዚያ ቤት ያለው ግን እውቀቱን ከሽሮው ድስት ወደ ሾርባው አላሻገረውም።

ስለ ተጠበሰው የሩዝ ኑድል ብዙ አልልም። መጥበሻው ሳይግል ከልክ በላይ ስለተጨመረበት ከመጠበስ ይልቅ በራሱ እንፋሎት ተቀቅሎ ተላቁጧል። በሮቃ ፈንታ የገባው ከቻፕ ነው። ሮቃ ደግሞ በቆላችን የሚበቅል ዛፍ ፍሬ ነው!

ነጩ ሩዝ ግን አሳዘነኝ። ላዩ ፈርሷል፣ ልቡ ጥሬ ነው። ከማሸጊያው ላይ የተነበበው ደቂቃ የተለካው ከባሕር እምብዛም ከፍ በማትል አገር ነው፤ ባንኮክ ላይ ውኃ 100 ዲግሪ ድረስ ይሄዳል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እዚያም ሩዝ ጥቂት ተጨማሪ ውኃ፣ የተገጠመ ክዳን፣ ከወረደም በኋላ ሳይከፈት መቆየትን ይፈልጋል። ይህን የሚያስተካክል ከውጭ የሚመጣ ዕቃ የለም፤ አንድ ፍሬ አንሥቶ በጥርስ መሞከር ይበቃል።

«ዕቃው አይገኝም» የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ። የዓሣ መረቁም ጋላንጋሉም እዚህ በቀላሉ እንደማይገኝ አይጠፋኝም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ዋሽንግተን ላይ የእኛ ሰዎች ምግብ ቤት ሲከፍቱ እነሱም ጤፍ እንደልብ አላገኙም። በስንዴና በሌላ ዱቄት ጋገሩ። ያ እንጀራ የጎጃም ማኛ እንጀራ ባይሆንም፣ ጋጋሪዎቹ እንጀራ ዓይን ማውጣት፣ ኮምጠጥ ማለትና ወጥ መሸከም እንዳለበት ስለሚያውቁ የተተካውን ዱቄት ወደዚያው ሥራ አመጡት። ከቻፕ የገባው ግን ቀይ ስለሆነ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ይቅር ልል እችላለሁ። አንዱን ግን አልተውም። ገና ስቀመጥ አስተናጋጁን «የጾም ነው?» ብዬ ጠይቄው ነበር። «አዎ ጋሼ፣ ሥጋ የለውም» አለኝ። ከሾርባው የተነሣው ሽታ ግን የዓሣ መረቅ ነበር፤ ትንንሽ ዓሣ በጨው ለወራት ታምቆ የሚወጣው ፈሳሽ። ልጁ አልዋሸኝም፤ ድስቱ ውስጥ ምን እንደገባ የነገረው ሰው የለም። በጾም ዓሣ የሚበላ አለ፣ የማይበላም አለ፤ የሚወስነው ግን በላተኛው እንጂ ወጥ ቤቱ አይደለም። በደቡብ ጎንደርም ሆነ በአዲስ አበባ የሩቅ አገር ምግብ የምትሠሩ ባልደረቦቼ፣ እባካችሁ ዓሣ ያለበትን ምግብ ሜኑው ላይ በግልጽ ጻፉልን፤ ለአስተናጋጆቻችሁም ንገሩ።