ገዳይ የማይፈለግበት የወንጀል ልቦለድ፦ የሚዩርየል ስፓርክ «እንዳትረብሹን»

የወንጀል ልቦለድ የታወቀ ውል አለው። በመጀመሪያ ሬሳ ይገኛል፤ ቀጥሎ መርማሪ ይመጣል፤ በመጨረሻም ገዳዩ ይታወቃል። አንባቢውን ከገጽ ወደ ገጽ የሚስበው ልብ ሰቀላ የሚመነጨው ካለማወቅ ነው። ስኮትላንዳዊቷ ደራሲ ሚዩርየል ስፓርክ (1918-2006 እ.ኤ.አ.) እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመችውና በአማርኛ «እንዳትረብሹን» ልንለው በምንችለው ኖቬላ ይህን ውል ገልብጣዋለች። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው፣ ግልበጣው የአተራረክ ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን፣ የሥራው ዋና ጭብጥ፣ ይኸውም እያወቀ ዝም ያለ ሰው ተጠያቂነት፣ ከዚሁ ግልበጣ የሚወለድ መሆኑን ነው።

የታሪኩ መቼት በጄኔቭ አካባቢ የሚገኝ የአንድ ባሮን ታላቅ ቤት፣ ጊዜውም አንድ ማዕበል የበዛበት ሌሊት ነው። ባሮን ክሎፕስቶክ፣ ባለቤታቸውና ቪክቶር ፓስራ የተባለው ወጣት ጸሐፊ በቤተ መጻሕፍቱ ክፍል በር ዘግተው ተቀምጠዋል። ማንም እንዳይረብሻቸው ታዟል። አሽከሮቹ ግን ሦስቱም ሳይነጋ እንደሚሞቱ ያውቃሉ። ስለዚህ የአሽከሮቹ አለቃ ሊስተር ለጋዜጠኞች የሚሰጡትን ቃል ያስጠናቸዋል፤ ፎቶግራፍ አንሺ አስቀድሞ ተገኝቷል፤ ታሪኩን ለመጽሔትና ለፊልም የመሸጡ ነገር ታስቦበታል። ነፍሰ ጡሯ ገረድ ኤሎይዝም ከጣራው ሥር ተዘግቶበት ከሚኖረው የአእምሮ ሕመምተኛ ጋር በዚያው ሌሊት ትዳራለች፤ ሊስተር ሰውየው የባሮኑ ወራሽ መሆኑን ደርሶበታልና።

እንግዲህ «ማን ገደለ?» የሚለው ጥያቄ ገና ከመነሻው ቀርቷል። ትረካው በአሁን ጊዜ ግስ ይሄዳል፤ ሊስተር ግን በሕይወት ስላሉት ጌቶቹ ሲናገር ነገሩ ያለቀለት ያህል ነው። የሥራው ጥቁር ቀልድ ምንጭ ይህ የጊዜ መፋለስ ይመስለኛል። የሚያስቀን ሞቱ አይደለም፤ ለሞቱ የሚደረገው ጨዋነት የተሞላበት የቢሮ ሥራ መሰል ዝግጅት ነው። ደራሲዋም ራሷ ከሊስተር አትሻልም። ከውጭ ቪክቶርን ሲጠብቁ የነበሩትን ሁለት ወዳጆቹን መብረቅ ሲገድላቸው፣ ስለ ሌላ ነገር በሚናገር ዓረፍተ ነገር መካከል ጣል አድርጋ ታልፈዋለች። ለሴራው አያስፈልጉምና።

በዚህ ምክንያት ሥራውን ቀዝቃዛ፣ ለሰው የማያዝን ነው የሚል አንባቢ ይኖራል። ሁሉም ነገር አስቀድሞ የተወሰነ ስለሆነ የሥነ ምግባር ጥያቄ የለውም የሚል ክርክርም ሊነሣ ይችላል። እኔ በዚህ አልስማማም። በልቦለዱ ውስጥ የተወሰነ የሚመስለው ነገር ሁሉ በሰው እጅ የተያዘ ነው። ለጋብቻው ቄስ ሲያስፈልግ በእኩለ ሌሊት ይጠራል፤ ይመጣልም። ፖሊስ ግን ነገሩ እስኪያበቃ ድረስ አይጠራም። በሩን ማንኳኳት ይቻል ነበር። ዕጣ ፈንታ የሚሉት ነገር እዚህ ቤት ውስጥ የታዛዥነት ሌላ ስሙ ነው። «እንዳትረብሹ ተብለናል» የሚል አሽከር ትእዛዝ አላፈረሰም፤ ጥይትም አልተኮሰም፤ ጥቅሙ ግን የእርሱ ነው።

ንጽጽሩ ይህን ያጎላዋል። በዣን ዠኔ «ገረዶቹ» (1947 እ.ኤ.አ.) ተውኔት ውስጥ ሁለቱ እኅትማማች ገረዶች እመቤታቸውን ለመግደል ያሤራሉ፤ ጥላቻቸውም ያቃጥላቸዋል። የስፓርክ አሽከሮች ግን ጌቶቻቸውን አይጠሉም። ጌቶቹ ለእነርሱ ጥሬ ዕቃ ናቸው። ሊስተር አመፀኛ ሳይሆን ደራሲ ነው፤ ገጸ-ባሕርያቱን አዘጋጅቶ፣ መጨረሻውን አውቆ፣ ገበያውን አስቀድሞ የሚያሰላ ደራሲ።

አማርኛ ይህን ምጸት የሚያጠናክርበት መንገድ አለው። ሊስተርን ወደ አማርኛ የሚያመጣ ተርጓሚ አንቱታን ሊያስቀር አይችልም። «ጌቶች ሞተዋል» ሲል፣ ገና የሚተነፍሱትን ሰዎች በአንድ ግስ አክብሮም ቀብሮም ይናገራል። እንግሊዝኛው በድምፅ ቃና የሚያደርገውን አማርኛ በሰዋስው ያደርገዋል። ይህ ለትርጉም ተማሪዎች ጥሩ መልመጃ ይመስለኛል።

የቀረው ጥያቄ የአንባቢው ነው። በሩ ቢንኳኳና ሦስቱ ቢተርፉ ታሪኩ እዚያው ይፈርሳል። እኛም ሳናስበው በሩ ተዘግቶ እንዲቆይ እየፈለግን እናነባለን። ሲነጋ አሽከሮቹ ሥራቸውን እንደጨረሰ ሰው ተኝተው ያርፋሉ። ልቦለዱ ማንንም አይከስስም፤ ነገር ግን መጽሐፉን ሌሊቱን ሙሉ ከእነርሱ ጋር ነቅቶ የጨረሰ አንባቢ፣ ከምስክሮቹ ወገን ነኝ ወይስ ከተጠቃሚዎቹ ብሎ ራሱን መጠየቁ አይቀርም።