ክፍቱና ዝጉ፤ በቶኪዮ የማዳመጫዎች ዐውደ ርእይ ላይ የቀረበ ሂስ

ስለ ሙዚቃ ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ዜማው፣ ስለ ግጥሙ፣ ስለ ድምፃዊውና ስለ ቅንብሩ። ሙዚቃው ወደ አድማጩ ስለሚደርስበት መሣሪያ ግን የሥነ ጥበብ ሂስ እምብዛም አይናገርም። የነጋዴና የመሐንዲስ ጉዳይ ነው እየተባለ ይታለፋል። ይህ አስተሳሰብ ሊመረመር ይገባዋል። በአሁኑ ዘመን እጅግ ብዙ ወጣት ሙዚቃን የሚያውቀው ከመድረክ ፊት ቆሞ ወይም ራዲዮ ከብቦ ሳይሆን፣ ሁለት ትናንሽ የድምፅ ማመንጫዎችን በጆሮው ላይ ደፍቶ ወይም በጆሮው ውስጥ ሰክቶ ነው። የድምፃዊው ልፋትና የተጫዋቾቹ ጥበብ የመጨረሻ መልካቸውን የሚይዙት እዚያ ነው። መሣሪያው ከዋሸ ጥበቡም አብሮ ይዋሻል። እንግዲህ በማዳመጫ ላይ ዳኛው ማነው? ሸንጎውስ የት ነው?

ከሸንጎዎቹ አንዱ በቶኪዮ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በጸደይና በመጸው፣ የሚካሄደው የማዳመጫዎች በዓል ነው። አዘጋጁ በናካኖ ሰፈር የሚገኘው ፉጂያ ኤቪክ የተባለው መደብር ነው። በዓሉ ለብዙ ዓመታት የተስተናገደው ናካኖ ሰን ፕላዛ በተባለው ሕንፃ ውስጥ ነበር። ሕንፃው በ1973 ሲከፈት (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የታነጸው ለሠራተኛው ወጣት ማዕከልነት ነበር፤ ይፋ ስሙም ይህንኑ ይናገር ነበር። በ2023 ተዘግቷል። ይህ ጸሐፊ በ2024 የጸደይ ወቅት በዓሉን የጎበኘው በቶኪዮ ዋና ባቡር ጣቢያ አጠገብ በሚገኝ የስብሰባ ማዕከል ነው።

የበዓሉ ሥርዓት ቀላል ነው። አምራቾች ማዳመጫዎቻቸውን በጠረጴዛ ላይ ይደረድራሉ፤ ጎብኚው የራሱን ማጫወቻና የራሱን ሙዚቃ ይዞ ይመጣል፤ ተራውን ጠብቆ ለጥቂት ደቂቃ ያዳምጥና ለቀጣዩ ይለቃል። እኛም ሦስት ቅጂዎችን ይዘን ነበር፦ የዓለሙ አጋን በገና፣ ማሕሙድ አሕመድ ከአይቤክስ ባንድ ጋር በ1975 ያስቀረጸውን «ኧረ መላ መላ»፣ በፒያኖ ብቻ የታጀበ የአንዲት ሴት ድምፅም። የመጀመሪያው ለድምፅ ቀለም፣ ሁለተኛው ለኅብረት፣ ሦስተኛው ለሰው ልጅ ትንፋሽ መለኪያ እንዲሆኑን ነው።

የመሣሪያው አመጣጥ

ማዳመጫ ሲፈጠር ለሙዚቃ አልነበረም፤ የስልክና የራዲዮ ሠራተኛ የሥራ መሣሪያ ነበር። ናትናኤል ባልድዊን የተባለ አሜሪካዊ በዩታ በወጥ ቤቱ ውስጥ የሠራውን ማዳመጫ በ1910 ለአገሩ የባሕር ኃይል አቀረበ፤ የመርከብ ራዲዮ ሠራተኞችም ተገለገሉበት። ወደ ሙዚቃ ዓለም በሰፊው የገባው ግን በ1958 በሚልዋኪ ከተማ በተደረገ የድምፅ መሣሪያዎች ትርዒት ነው። ጆን ኮስ ለትርዒቱ ያመጣው ተንቀሳቃሽ የሸክላ ማጫወቻ ነበር፤ ስቴሪዮ ማዳመጫው የማጫወቻው ረዳት እንጂ ዋናው ዕቃ አልነበረም። ጎብኚው ማጫወቻውን ትቶ ማዳመጫውን ወደደ። አምራቹም ጎብኚውን ተከተለ። ከዚህ የምንማረው የዐውደ ርእይ ዳኝነት እንደዋዛ የሚታይ አለመሆኑን ነው። በአዳራሹ ውስጥ የተጨበጨበለት ነገር ነገ በፋብሪካ ይባዛል፤ ከነገ ወዲያ በወጣቱ ጆሮ ላይ ይገኛል።

ከዚያ በኋላ ዕድገቱ ፈጣን ሆነ። በ1960 የጃፓኑ ስታክስ ከፀጉር እጅግ የቀጠነ ሽፋን በኤሌክትሪክ መስክ የሚያርገበግብ ማዳመጫ አወጣ። በ1968 የጀርመኑ ዜንሃይዘር ኤችዲ 414 የተባለውን ጀርባው ክፍት የሆነ ቀላል ማዳመጫ አቀረበ። በ1979 ደግሞ ሶኒ ዎክማንን ለገበያ አበቃ። አንድ ሊዘነጋ የማይገባው ነገር አለ፤ የመጀመሪያው ዎክማን ሁለት የማዳመጫ መሰኪያዎችና ሁለቱ አድማጮች ዘፈኑን ዝቅ አድርገው የሚነጋገሩበት ቁልፍ ነበረው። ብቻን ማዳመጥ ነውር እንዳይሆን ታስቦ የተሠራ ነው። በኋለኞቹ ሞዴሎች መሰኪያው አንድ ብቻ ቀረ። የኅብረት ማዳመጥ ወደ ግል ማዳመጥ የተሸጋገረበትን ታሪክ ከዚህች ከጠፋች ቀዳዳ የበለጠ የሚናገር ማስረጃ ማግኘት ያዳግታል።

የተሰማው

ለማነጻጸሪያ የያዝነው ከ1989 ጀምሮ በጃፓን ስቱዲዮዎች የተለመደውን የሶኒውን ሲዲ900ኤስቲ ነበር። ይህ የሥራ መሣሪያ ነው። ድምፁን ወደ ፊት ያመጣዋል፤ የድምፃዊውን የምላስ ንክኪ፣ የቀረጻውን ስንጥቅ፣ ያለቦታው የገባችውን ትንፋሽ ሁሉ ያጋልጣል። ለዕረፍት የሚመች አይደለም፤ ለእርማት ግን ታማኝ ነው። መምህር በቀይ ብዕር እንደሚያርመው ደብተር ነው።

በ1997 የወጣው የዜንሃይዘር ኤችዲ 600 ከእርማት ወደ ጨዋታ ይወስደናል። ጀርባው ክፍት በመሆኑ ድምፁ ከጆሮ ላይ ተጭኖ አይቀርም፤ ይተነፍሳል። የሴቲቱ ድምፅ ከፒያኖው ፊት በትክክለኛ ርቀቷ ቆመች። በገናው ሲመታ፣ በአውታሩና በብርኩማው መካከል የምትገባው ቁራጭ ቆዳ የምትፈጥረው ዝምዝምታ ዋናውን ድምፅ ሳትሸፍነው ዙሪያውን ከበበችው። በገናን በቅርብ የሰማ ሰው ይህ ዝምዝምታ ጌጥ ሳይሆን የመሣሪያው ነፍስ መሆኑን ያውቃል። ማዳመጫው ይህን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ካቀረበ ግዴታውን ተወጥቷል።

በስታክሱ ላይ የተሰማው ሌላ ነው። የጣቱና የአውታሩ የመጀመሪያ ግንኙነት፣ ድምፁ ገና ድምፅ ከመሆኑ በፊት ያለችው ቅጽበት፣ ተለይታ ትሰማለች። አሥሩ አውታሮች እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ልደትና ሞት አላቸው። የዚህ መሣሪያ ሀብት ክብደት ሳይሆን ፍጥነት ነው፤ የድምፅን ሥጋ ሳይሆን አጥንቱን ያሳያል።

በ2016 የወጣው ኤችዲ 800 ኤስ በበኩሉ መድረኩን ያሰፋዋል። አይቤክስ ባንድ ከግራ እስከ ቀኝ ተዘረጋ፤ ጊታሩ ከአንድ ወገን፣ ነፋሱ ከሌላው፣ ከበሮው ከኋላ። በዚህ ጊዜ አንድ ጥያቄ ይነሣል። ይህ ስፋት ከቀረጻው የመጣ ነው ወይስ ከመሣሪያው? የዚያ ዘመን የአዲስ አበባ ሸክላ በቡና ቤትና በሙዚቃ ቤት ደጃፍ፣ በድምፅ ማጉያ እንዲሰማ የተዘጋጀ ነው። ድምፅ ማጉያ ሲያሰማ የግራው ድምፅ ወደ ቀኝ ጆሮም ይደርሳል፤ በማዳመጫ ግን አይደርስም። ስለዚህ በአንድ ወገን የተቀረጸው መሣሪያ በአንድ ጆሮ ብቻ ይቀራል። ይህ ችግር አዲስ አይደለም፤ ቤንጃሚን ባወር የተባለ መሐንዲስ በ1961 የግራውን ድምፅ ከፊሉን ወደ ቀኝ፣ የቀኙንም ወደ ግራ የሚያሸጋግር ስልት አቅርቦ ነበር። ነገሩን የምናነሣው ሰፊ መድረክ ሁሉ እውነተኛ መድረክ አለመሆኑን ለማስገንዘብ ነው። ባንድ የተበታተኑ ግለሰቦች ድምር አይደለም። ከበሮውና ባስ ጊታሩ ተያይዘው ካልተራመዱ፣ ነፋሱም ለድምፃዊው ካልመለሰለት፣ እያንዳንዱ መሣሪያ ቢጠራም ዘፈኑ ጠፍቷል።

ጆሮ ውስጥ ከሚገቡት መካከል ከ1991 ጀምሮ የሚታወቀው የኤቲሞቲክ ኢአር4 ሊጠቀስ ይገባዋል። ወደ ውስጥ ጠልቆ ስለሚገባ የውጪውን ጫጫታ በእጅጉ ይከላከላል፤ ድምፁም ደረቅ፣ ግልጽና ያልተጋነነ ነው። አድማጩ የአዳራሹን ጫጫታ ለመብለጥ ሲል ድምፁን ከፍ እንዲያደርግ አያስገድደውም።

የሸንጎው ጉድለት

እዚህ ላይ ወደ ዋናው ነጥባችን እንደርሳለን። አዳራሹ በሰው የተሞላ ነው፤ ሻጩ ያስረዳል፣ ጎብኚው ይጠይቃል፣ ወንበር ይጎተታል። ጀርባው ክፍት የሆነ ማዳመጫ በእንዲህ ያለ ቦታ የአዳራሹን ድምፅ ሁሉ ያስገባል። ታማኝነቱ ጠላቱ ይሆናል። ጀርባው ዝግ የሆነውና ወፍራም ድምፁ የተጋነነው ደግሞ ጫጫታውን አሸንፎ ይወጣል። ጎብኚው በሦስት ደቂቃ ውስጥ መፍረድ ስላለበት የሚፈርደው ለበረታው ነው።

ጉዳዩ የጣዕም ብቻ አይደለም፤ የጆሮ ተፈጥሮም አለበት። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1933 እንዳሳዩት፣ ድምፅ ዝቅ ሲል ጆሯችን ወፍራሙን ድምፅ ከመካከለኛው ይልቅ አሳንሶ ይሰማል፤ ድምፅ ከፍ ሲል ግን ወፍራሙ ተመልሶ ይሞላል። ስለዚህ ከሁለት ተመሳሳይ ማዳመጫዎች አንዱ ጥቂት ከፍ ብሎ ቢጫወት አድማጩ «ይህ ጮኸብኝ» አይልም፤ «ይህ ይበልጣል» ይላል። በጠረጴዛዎቹ ላይ የድምፁን መጠን አስተካክሎ የሚያነጻጽር ካልኖረ ፍርዱ ሚዛን ሳይኖር የተሰጠ ፍርድ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ በአዳራሹ ካስደነቁን ማዳመጫዎች አንዱን፣ ስሙን መጥራት የማያስፈልገውን አንድ ውድ ዝግ ማዳመጫ፣ ኋላ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ከኤችዲ 600 ጋር በእኩል መጠን አዳመጥነው። ደረጃው ተገለበጠ። በአዳራሹ «ኃይል» የመሰለን ነገር በክፍሉ ውስጥ ድምፃዊውን ከባስ ጊታሩ ጀርባ የሚያስቀምጥ ጭነት ሆኖ ተገኘ። የበገናውም ዝምዝምታ ከዋናው ድምፅ ጋር ተቀላቅሎ አንድ ወጥ ጉምጉምታ ሆነ። ሸንጎው የሸለመው እርሱን ነበር።

ቅርፅና ዋጋ

ይዘትና ቅርፅ በሥነ ጥበብ ሂስ የቆየ ርእሰ ጉዳይ ነው። በማዳመጫ ዓለም ቅርፅ ይዘትን ሊውጥ ጥቂት ቀርቶታል። የቀፎው እንጨት፣ የቀለሙ ብርሃን፣ የሣጥኑ ቆዳ ገና ድምፅ ሳይሰማ ልብ ይማርካሉ። ዜንሃይዘር በ2015 ይፋ ያደረገው ኤችኢ 1 ከካራራ እብነ በረድ በተሠራ መቀመጫ ላይ ስምንት የመስታወት ቱቦዎቹን ከፍ አድርጎ የሚያሳይ ሲሆን፣ ዋጋው 50,000 ዩሮ ገደማ እንደሆነ ተነግሯል። የእጅ ጥበብን ማክበር ተገቢ ነው። ነገር ግን የሸቀጡ ክብር የድምፁ ማስረጃ ተደርጎ ሲወሰድ ሂስ ዝም ሊል አይገባም። የሮን ብሬባርት የተባለ ተመራማሪ በ2017 ባሳተመው ጥናት 283 ማዳመጫዎችን መርምሮ፣ በዋጋቸውና ወፍራሙንም ቀጭኑንም ድምፅ በሚያሰሙበት ሚዛን መካከል ዝምድና አላገኘም። ማዳመጫ የሚመዘነው በዚህ ብቻ አይደለም፤ ምቾትም፣ ጥንካሬም፣ የድምፅ ንጽሕናም አለ። ቢሆንም ውጤቱ አንድ ነገር ያስተምራል፤ ዋጋ ለጆሮ ዳኛ ሊሆን አይችልም።

ከእኛ የሚጠበቀው

ይህ ሁሉ ለእኛ ምን ይፈይዳል? ጥቂት ባለገንዘቦች በሩቅ አገር የሚያደርጉት ጨዋታ ነው ብሎ መተው ይቻላል። ነገር ግን እዚያ የሚሸለመው ጠባይ፣ ጩኸትና የተጋነነ ወፍራም ድምፅ፣ ረክሶና ተባዝቶ በታክሲና በአውቶቡስ ተቀምጦ በሚያዳምጠው ወጣታችን ጆሮ ላይ ይደርሳል። እርሱም የሞተሩን ድምፅ ለመብለጥ ከፍ ያደርገዋል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ2018 ያወጡት ደረጃ ለአዋቂ አድማጭ በሳምንት 80 ዴሲቤልን ለ40 ሰዓት ይፈቅዳል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 83 ላይ 20፣ 86 ላይ 10 ሰዓት ብቻ ይቀራል። ሙዚቃን የማጣጣም ትምህርት የሚሰጥ መምህር ይህንን ስሌት ከዜማው ጋር አብሮ ማስተማር አለበት፤ የተጎዳ ጆሮ በውድ ማዳመጫ አይጠገንም።

ከያኒውም የበኩሉ ድርሻ አለው። ሥራውን በስቱዲዮው ታላቅ ድምፅ ማጉያ ብቻ ሰምቶ ከማጽደቁ በፊት፣ ሕዝቡ በሚሰማበት ርካሽ ማዳመጫም ይስማው። ድምፃዊው በዚያም ላይ ቃሉ ካልጠፋ፣ ክራሩና ማሲንቆው በባስ ካልተዋጡ፣ ቅንብሩ ቆሟል ማለት ይቻላል። የባህል ሥራ አስፈጻሚውም የድሮ ቅጂዎች በአዲስ ቅንብር እንዲወጡ ሲፈቅድ፣ ለዘመኑ ጆሮ ተብሎ በተጨመረ ጩኸት የቀደሙት ሰዎች ጥበብ እንዳይደፈቅ መጠየቅ ይገባዋል።

ለዐውደ ርእይ አዘጋጆች የምናቀርበው ሐሳብም አጭር ነው። ከጫጫታው የተለየ አንድ ጸጥ ያለ ክፍል ይኑር፤ የሁሉም ማዳመጫ ድምፅ በእኩል መጠን ይለካ፤ ስምና ዋጋ ይሸፈን፤ አድማጩም አንድ ዘፈን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይስማ። ይህ ሲሟላ ብዙ ዝነኛ ዕቃ ቦታውን ይለቃል፤ ብዙ የተናቀም ይነሣል።

ማዳመጫ መስኮት እንጂ ሥዕል አይደለም። ጥሩ መስኮት መኖሩ ሳይታወቅ ግቢውን ያሳያል። አድማጩ የመስኮቱን ክፈፍ ማድነቅ ሲያበዛ፣ በግቢው ውስጥ የሚዘፍነው ሰው እየተዘነጋ መሆኑን ሂስ ሊያስታውሰው ይገባል።