‹‹ይመርመሩ›› – በማን?

መስከረም ሊያልቅ አሥር ቀን ያህል ሲቀረው ሮዝ ቀለም ይመጣል። ፈረንጆቹ ኦክቶበር የሚሉት ወር የጡት ካንሰር ወር ነው፤ እኛም ተቀብለነዋል። ሮዝ ሪባን በደረት፣ ሮዝ ካናቴራ በእግር ጉዞ፣ ሮዝ ባነር በሆስፒታል በር ላይ። ቴሌቪዥኑ አንድ ሐኪም ይጋብዛል። ሐኪሙ ያስረዳል። ጋዜጠኛው ‹‹በመጨረሻስ ምን መልእክት ያስተላልፋሉ?›› ይላል። መልሱ መቼም የታወቀ ነው፤ ‹‹እናቶችና እኅቶች ቀድመው ይመርመሩ።››

ከመልእክቱ ጋር ጠብ የለኝም። በጊዜ የተገኘ የጡት ካንሰር የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው። እኔን የሚከነክነኝ ግሡ ነው። ለዓመታት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስለኖርኩ ይሆናል፣ ማስታወቂያ ሳነብ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ግሡ ላይ ነው። ‹‹ይመርመሩ›› ተደራጊ ግሥ ነው። ተመርማሪዋ ተጠቅሳለች፤ መርማሪው የለም። በማን ትመርመር? የት ሄዳ? በስንት ብር? ከተመረመረች በኋላስ ማን ይቀበላታል? አንድ ፊደል ቢለወጥ ‹‹ይመርምሩ›› ይሆንና ትእዛዙ ወደ ባለሙያውና ወደ ጤና ጣቢያው ይዞር ነበር። እንዲህ የሚል ፖስተር ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ነገሩ የሰዋስው ጨዋታ እንዳይመስል ወደ ቁጥሩ ልሂድ። በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙት የካንሰር ዓይነቶች የጡቱ ግንባር ቀደም ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ለ2020 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ግምት በዓመቱ በኢትዮጵያ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች በአዲስ ተይዘዋል፤ 9 ሺህ ያህሉ ሞተዋል። ግምት ነው፤ በአዲስ አበባ ደረጃ ቋሚ የካንሰር ምዝገባ የተጀመረው ራሱ በ2011 (እ.ኤ.አ.) ነው። ከዚህ ይልቅ እኔን ያስደነገጠኝ ሌላ ቁጥር ነው። ከ2005 እስከ 2010 (እ.ኤ.አ.) በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የታከሙ 1,070 የጡት ካንሰር ሕሙማንን የተከታተለ ጥናት አለ። የሴቶቹ መካከለኛ ዕድሜ 43 ነበር። ማለትም ግማሾቹ ከዚያ በታች ናቸው። መጠኑ የተመዘገበላቸው ሴቶች ሲመጡ የያዙት እብጠት ደግሞ በመካከለኛ ልኬት 5 ሴንቲ ሜትር ይጠጋል።

አምስት ሴንቲ ሜትር ማለት ሎሚ ማለት ነው። ሎሚ የሚያክል ነገር ለማግኘት ማሽን ያስፈልጋል እንዴ? ሴትዮዋ አግኝታዋለች እኮ! ገላዋን ስትታጠብ፣ ልጇን ስታጠባ፣ ልብሷን ስትለብስ ነክታዋለች። ጥያቄው ካገኘችበት ቀን አንስቶ ሐኪም ፊት እስከቀረበችበት ቀን ድረስ የት ነበረች የሚለው ነው።

አንዱ መልስ ቋንቋችን ውስጥ አለ። ጤና ጣቢያ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ‹‹ምን ያምሃል?›› ‹‹ምን ያምሻል?›› ተብሎ ነው። በአማርኛ መታመም ማለት ማመም ማለት ነው፤ በሽታና ሥቃይ አንድ ስም ይጋራሉ። የጡት ካንሰር ደግሞ ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ታዲያ የማያመው ሰው ምን ብሎ ይመልስ? ‹‹ምንም አያመኝም፣ ብቻ እዚህ ጋ ጠጠር የመሰለ ነገር አለ›› የምትል ሴት ለራሷም በሽተኛ አትመስላትም። እስኪያማት ትጠብቃለች። ጠበል ትጠመቃለች፣ አዋቂ ነው የተባለ ሰው የቀመመውን ሥር ታስራለች (በዚህ የሚያፌዙ ሰዎች አይገቡኝም፤ የቅርቡ እሱ ነዋ!)። ሲያማት ጊዜው ሄዷል።

ሌላም አለ። አማርኛ ጡትን በአደባባይ ሲጠራ አያፍርም። የጡት ልጅ እንላለን፣ የጡት አባት እንላለን፣ ውለታ ቢሱን ጡት ነካሽ ብለን እንሰድባለን። ዝምድናው፣ ምስጋናው፣ ስድቡ ሁሉ ከዚያው ነው የሚቀዳው። ባለጡቷ ራሷ ጤና ጣቢያ ስትቀርብ ግን፣ በተለይ ፊት ለፊቷ የተቀመጠው ወጣት ወንድ ከሆነ፣ ‹‹ደረቴ ላይ›› ብላ ልታልፈው ትችላለች። ካርዱ ላይ ‹የደረት ሕመም› ተብሎ ቢጻፍ ማን ይወቀሳል?

በየዘመቻው የሚጠቀስ አንድ ተረት አለ፤ ‹‹በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም›› የሚል። እዚህ ቦታ ሲገባ ደስ አይለኝም። ተከሳሿን አስቀድሞ ይወስናል። የማውቃት አንዲት የሁለተኛ ደረጃ መምህርት አልደበቀችም። ልጇን እያጠባች ሳለ እብጠት አገኘችና በሳምንቱ ወደ አንድ የጤና ተቋም ሄደች። ‹‹ወተት ቋጥሮ ነው›› ተባለች፤ የሚዋጥ መድኃኒት ተሰጣት። ተመለሰች። ሌላ መድኃኒት። ለሦስተኛ ጊዜ ስትሄድ ‹‹ጭንቀት አታብዢ›› ተባለች። በመርፌ ናሙና የተወሰደላት በሰባተኛው ወር ነው። ዛሬ ሕክምናዋን ጨርሳ ታስተምራለች። ‹‹ዘግይተሽ መጣሽ›› ያላትን ሐኪም ምን ብላ እንደመለሰችለት ነግራኛለች፤ ‹‹እኔ አልዘገየሁም፤ አዘገያችሁኝ እንጂ።›› ሰዋስው እንዲህ ነው የሚማረው።

የዘመቻዎቻችን ምስል ደግሞ ማሞግራፊ ነው። አንዳንድ የግል ሆስፒታሎች ለወሩ የዋጋ ቅናሽ ያደርጋሉ፤ ደግ ነገር ነው። ግን ማሞግራፊን ለጤነኛ ሴቶች ሁሉ በየተወሰነ ጊዜ ማዳረስ የሀብታም አገር አሠራር ነው፤ ከማሽኑ ጋር ባለሙያ፣ የጥሪ ሥርዓት፣ የጥራት ቁጥጥርና ክትትል አብሮ ይመጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በዋናነት ያየው ከ50 እስከ 69 ዓመት ላሉ ሴቶች ነው። የእኛ ሕሙማን መካከለኛ ዕድሜ ግን 43 ነው ብለናል። በዚያ ላይ የወጣት ሴት ጡት ሥጋው ጥቅጥቅ ያለ ስለሚሆን በማሞግራፊ ፊልም ላይ እብጠቱን ለመለየት ያስቸግራል። እንግዲህ በቅናሹ የምትጠቀመው ቀድሞም መንገዱን የምታውቀው የከተማ ሴት ናት። ሎሚውን የተሸከመችው ሌላዋ ነች።

‹‹ታዲያ ራሷን በየወሩ ትዳብስ›› የሚሉ አሉ። ይህም ተሞክሯል። በሻንጋይ 266 ሺህ ያህል የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ሴቶች ለሁለት ተከፍለው ግማሾቹ ራሳቸውን መመርመር በሚገባ ተምረው ነበር። በ2002 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ውጤት እንዳሳየው በጡት ካንሰር የሞቱት ቁጥር በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ሆነ። ካንሰር ባልሆነ እብጠት ምክንያት ናሙና የተወሰደላቸው ግን በሠለጠኑት ዘንድ በዙ። ሴት ጡቷን አትወቅ ማለቴ አይደለም፤ ለውጥ ስታይ ቶሎ እንድትሄድ ማወቅ አለባት። በየወሩ ፈተና የምትቀመጥበት ግዴታ አድርጎ ኃላፊነቱን ሁሉ እሷ ላይ መጣል ግን ሌላ ነገር ነው።

ወደ ሙምባይ ብንሄድ ግሡ ባለቤቱን ያገኛል። እዚያ ከ151 ሺህ በላይ ሴቶች ለ20 ዓመት ተከታተሏቸው። ግማሾቹን የሠለጠኑ የጤና ሠራተኛ ሴቶች በየሁለት ዓመቱ በእጃቸው መረመሯቸው፤ አራት ዙር። በ2021 (እ.ኤ.አ.) በታተመው ውጤት ካንሰሩ በተመረመሩት ላይ ገና ሳይስፋፋ ተገኘ። ዕድሜያቸው 50 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆኑት ሞት 30 በመቶ ያህል ቀነሰ። ሁሉም ዕድሜ ተደምሮ ሲታይ ልዩነቱ አሳማኝ አልነበረም፤ ይህንንም መደበቅ አይገባም። ቢሆንም የሠለጠነ እጅ ነው የሠራው። እኛም እጅ አለን። እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው ፕሮግራም የተሰማሩ ከ30 ሺህ በላይ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው አሉ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ለእነሱ ‹‹ደረቴ ላይ›› ማለት አያስፈልግም። ሥራ እንደበዛባቸው አውቃለሁ፤ አገሩ አዲስ ነገር ባሰበ ቁጥር ጭነቱ እነሱ ትከሻ ላይ ነው የሚወርደው። ስለዚህ ቤት ለቤት ዞራችሁ ሁሉንም መርምሩ አይባሉም። አንዲት ሴት እብጠት አለኝ ስትላቸው ወዴት እንደሚልኳት ቁርጡን ይወቁ፣ የላኳት ቦታም ይቀበላት። ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ይኸው ነው።

መላኩ ብቻውን ግን ምን ይሠራል? በአገሪቱ የጨረር ሕክምና ከሁለት አሥርት ዓመታት በላይ የነበረው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነው፤ ወረፋውም በወራት ይቆጠር ነበር። በኋላ ጅማን በመሳሰሉ ቦታዎች መከፈቱ ትልቅ ነገር ነው። ከጨረሩ በፊት ደግሞ ናሙናውን የሚያነብ የፓቶሎጂ ባለሙያ ያስፈልጋል፤ እሱ የሌለበት ሆስፒታል ናሙናውን ለሌላ ከተማ ይልካል፣ አስታማሚው በላስቲክ ይዞት አውቶቡስ ይሳፈራል። ውጤቱ ሲመጣ ቀጠሮ፣ ከቀጠሮው በኋላ አልጋ መጠበቅ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (እ.ኤ.አ.) በጀመረው የጡት ካንሰር ዕቅድ ሴትየዋ ወደ ጤና ተቋም በመጣች በ60 ቀን ውስጥ ምንነቱ ተለይቶ ይታወቅ ይላል። መምህርቷን ሰባት ወር የፈጀባት ይህ ነው።

በነገራችን ላይ ሁሉም ነገር ውድ አይደለም። ከሕሙማኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ለሆርሞን ሕክምና የሚመልስ ዓይነት ካንሰር ያለባቸው ናቸው፤ ለእነሱ ታሞክሲፌን የሚባለው እንክብል ለአምስት ዓመት ወይም ከዚያ በላይ በየቀኑ ይዋጣል። ርካሽ መድኃኒት ነው። በየዞኑ ሆስፒታል ሳይቆራረጥ እንዲገኝ ለማድረግ የሚያስፈልገው ገንዘብ ከካናቴራው ወጪ ጋር ቢነጻጸር ደስ ይለኝ ነበር፤ ሒሳቡን የሚሠራ ጋዜጠኛ ይኖር ይሆን?

የሚቀጥለው መስከረም መጨረሻ ላይ ባነሩ መሰቀሉ አይቀርም። ቢያንስ ሥር ላይ የጤና ጣቢያው ስም፣ የምርመራው ቀን፣ የክፍሉ ቁጥር፣ የሚከፈለው ብር ይጻፍበት። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛም ‹‹ምን ያምሻል?›› ካለ በኋላ አንዲት ጥያቄ ይጨምር፤ ‹‹የማያምሽ ግን አዲስ የሆነብሽ ነገር አለ?›› በል የሚል ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ይለጠፍለት።